የመገበሪያው ወፍጮ ዝም ያለበት ሰሞን

ዘሃራ መጽሐፉን ስትሰጠኝ «መጀመሪያ አንብቢው፣ ከዚያ እንጣላለን» ብላኝ ነበር። እንዳለችውም ተጣላን። ዘሃራ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ሞጣ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የሞባይል ካርድና መጽሐፍ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። እኔ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላውን የማሳልፈው እዚያ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መጽሐፎቿን በነፃ አነብባለሁ፤ እሷ ደግሞ ገጽ እንዳላጥፍ፣ ጣቴን በምራቅ አርሼ እንዳልገልጥ በዐይኗ ትጠብቀኛለች። ሁለታችንም መነጽር እናደርጋለን፣ ሁለታችንንም ጉልበት ያመናል፣ ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረናል። እሷ ሐጅ አድርጋ መጥታለች፤ እኔ ሰንበቴዬን አላስታጉልም። በሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም ነበር፤ ይህ መጽሐፍ ነው ያከራከረን።

መጽሐፉ ስለ ሴቶች፣ ስለ እምነትና ስለ ሥልጣን የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩን ላወራው ስለሆነ ስሙን አልጠራም፤ ገና ያላነበበው ሰው እንዳይረግመኝ። ዘመኑ በማይታወቅ በአንድ ሩቅ ጊዜ ባሏ የሞተባት አንዲት እመቤት አገር ታስተዳድራለች። መኳንንቱና ካህናቱ ተማክረው ማኅተሙን ነጥቀው ለባሏ ወንድም ሊሰጡ ይቆርጣሉ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ሲጠብቋት፣ እመቤቲቱ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ፣ መቋሚያ ይዛ ትወጣለች። መነኩሲት ላይ እጁን የሚያነሣ ጠፋ። ማኅተሙም እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ጸሐፊዋ ግን ሴትዮዋ የመነኮሰችው ከልቧ ይሁን ከብልሃት እስከ መጨረሻው ገጽ አትነግረንም።

ጸሐፊዋ ገና ወጣት ናት ይላሉ። ዕድሜዋን ያርዝምላት። እኔ ካነበብኋቸው ልብ ወለዶች በብዙዎቹ ሴቲቱ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ይለቀስላታል። ይህችኛዋ ግን ታስባለች፤ ስታስብም ይታያል። በተለይ ሴቶቹ በቅዳሴ መካከል፣ ከንፈራቸው ጸሎቱን ሳያቋርጥ፣ በክርናቸው እየተጓሸሙ ወሬ የሚቀባበሉበትን ምዕራፍ ሦስቴ ደጋግሜ አነበብሁት። ይህን የጻፈ ሰው በሴቶች በኩል ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ነው። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ቄሶች በሙሉ ሆዳምና ዋሾ ናቸው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ስትጠቀልላቸው ትንሽ ከፋኝ።

«ሴትዮዋ አላመነችም» አለች ዘሃራ፣ አንብቤ ስጨርስ። «ቆቡን የያዘችው እንደ ጋሻ ነው።»

«ሁለቱም ቢሆንስ? ብታምንም፣ ቢጠቅማትም?»

«ስመኝ፣ በእናንተም ይሁን በእኛ፣ እምነቱን መሣሪያ ያደረገ ሰው አማኝ አይባልም። ነጋዴ ነው የሚባለው። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሰውን ሳየው አውቀዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቻው እንኳ ሳልላት ወጣሁ። በእኔ ዕድሜ በልብ ወለድ ሰበብ ጓደኛ ማኩረፍ ምን ይባላል? ምን እንዳስቆጣኝ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እያዳመጥሁ ሳስበው ነው። የተከራከርሁት ስለ መጽሐፏ እመቤት አልነበረም፤ ስለ አክስቴ ስለ እማሆይ ወለተ ሐና ነበር። ዘሃራ ሳታውቅ የነካችው እሳቸውን ነው።

የተወለድሁት ብቸና ነው። ያን ጊዜ ብቸና ለእኔ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያናችን የምትደርስ አንዲት መንገድ ነበረች። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ የልብስ ሰፊው በረንዳ አለ፤ በረንዳው ላይ ራዲዮ አለ፤ ራዲዮው ሲዘፍን የልብስ ስፌት መኪናው አብሮት ይሄድ ነበር፣ ዘፈኑ ሲፈጥን ሰውየውም እግሩን ያፈጥናል። የሚሸጠው የቺት ጨርቅ ተዘርግቶ ሲታይ ዐይን ይይዛል፤ ቀይ አበባ ያለበት፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት። በስሙኒ አንድ ቁና ሽንብራ ይገኝ ነበር ብል ልጆቼ ይስቁብኛል። ሸራ ጫማ ያደረገች ልጅ ጭቃ ሲሆን አውልቃ በብብቷ ይዛ ትሄድ ነበር፤ እግርማ ይታጠባል፣ ሸራ ግን ከታጠበ ይነትባል። ዛሬ በዚያ በኩል በባጃጅ ሳልፍ የልብስ ሰፊው በረንዳ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ሙዚቃው አለ፣ አብሮት የሚሄድ እግር ግን የለም።

አባቴ የደብራችን ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃና ንብረት በእጃቸው ነው፣ ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን ሁሉ ማሟላትም የእሳቸው ሥራ ነው። እማሆይ ወለተ ሐና ደግሞ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው፣ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞቶ፣ መንኩሰው በደብሩ አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው መገበሪያ መፍጨት ነው፤ መገበሪያ ማለት የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። ኅብስቱን የሚጋግሩት ዲያቆናት ናቸው፤ ወደ ቤተ ልሔሙ ሴት አትገባም። ስንዴው ግን ከሴት እጅ ሳያልፍ ዱቄት አይሆንም። እማሆይ ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ በንጹሕ ሸማ ላይ ያሰጣሉ፣ ከዚያ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩታል። በሚፈጩበት ሰዓት አይናገሩም። ያንን ወፍጮ ሌላ እህል ነክቶት አያውቅም።

ከሁሉ የምናስታውሰውና እኛ ልጆች የምንስቅበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ቂም ይዘው አይፈጩም። የጎረቤት ዶሮ ጎመናቸውን ጭራባቸው ቢናገሩ፣ በማግሥቱ መፍጨት ካለባቸው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ባለ ዶሮዋ ሄደው «ትናንት ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ይላሉ። ዶሮዋ አሁንም ጎመኑ ውስጥ ትሆናለች። እኔንም አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ስለቆነጠጡኝ ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ እናቴ በሳቅ ልትሞት ነበር። ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ቅያሜ ባለበት ልብ የተፈጨ ስንዴ መሥዋዕት አይሆንም ብለው ያምኑ ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረስሁ ክረምት አባቴ ለግንደወይን ሰዎች ለትዳር ሰጡኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ አባቱ ብዙ በሬዎችና በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያላቸው ባለጸጋ ነበሩ። አባቴ ደግ ያደረጉልኝ መስሏቸዋል። እኔ ግን ዘጠነኛ ለመማር ወደ ሞጣ መሄድ ነበር ሕልሜ። ለእናቴ ነገርኋት፤ «አባትሽ ያውቃሉ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ እያለቀሰች እንደነበር ከትከሻዋ ዐወቅሁ። ወደ አክስቴ ሄድሁ። ስንዴ ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ ተንበርክኬ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው።

«ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከስንዴው ሳያነሡ።

«አስተማሪ።»

«ሴት አስተማሪ አይቼ አላውቅም» አሉና መልቀማቸውን ቀጠሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ተስፋዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ውኃ ቀድቼላቸው ሳስቀምጥ አባቴ ዱቄቱን ሊረከቡ መጡ። እኅታቸውን ሰው በሌለበት እታለም ነበር የሚሏቸው።

«እታለም፣ ዱቄቱ?»

«አልፈጨሁም።»

«ምነው፣ አመመሽ?»

«ደኅና ነኝ። ቂም ይዣለሁ።»

«ከማን?»

«ካንተ።»

አባቴ ሣቁ። ሣቃቸው ግን መሐል ላይ ቆመ፤ እማሆይ አልሣቁም። «ምን በደልሁሽ?» ቢሉ «አስበህ ድረስበት» ብቻ ብለው መዝሙረ ዳዊታቸውን ገለጡ። በዚያ እሑድ ዱቄት ከአጎራባች ደብር ተለምኖ መጣ።

አባቴ አሰቡ። አስበውም የደረሱበት ነገር ዛሬም ያስቀኛል። ለእኅታቸው ከደብሩ የሚሰፈረው እህል አንሶባቸው እንደሆነ ገመቱና አንድ አህያ ጤፍ ጭነው ላኩላቸው። እማሆይ አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ጤፉንም ለቅኔ ተማሪዎቹ አከፋፈሉት። አልፈጩም። አባቴ ቀጥለው የጎጆዋ ጣራ እያፈሰሰ ይሆናል አሉና ሰው ቀጥረው አስከደኑላቸው። እማሆይ ሠራተኞቹን አብልተው፣ አጠጥተው፣ መርቀው ሸኙ። ጣራው ታደሰ፤ ወፍጮው ዝም አለ። ወንድሞቼ ሦስተኛውን ስጦታ እያሰቡ ይወራረዱ ነበር። አባቴ ዐዋቂ ሰው ነበሩ፣ ድጓ የሚያውቁ፣ ሰው የሚያስታርቁ፤ የገዛ ልጃቸው ጉዳይ ሰው ሊያስቀይም እንደሚችል ግን በሐሳባቸው አልመጣም። ምኑ ያስቀይማል? ሴት ልጅ መዳር ወግ ነው።

በደብሩ የሚፈጩ ሌላ አሮጊት መነኩሲትም ነበሩ። ለእሳቸው ቢላክባቸው «በገበዙና በፈጪዋ መካከል ቅያሜ እንዳለ ሰምቼ ምንም እንዳልሰማሁ ልፍጭ?» ብለው መለሱ። ከዚያ ወሬው ወጣ። ሴቶቹ በቅዳሴ መካከል በክርን ተቀባበሉት። ዱቄት ያበደሩን ጎረቤቶች «መነኮሳቶቻችሁ ምን ሆኑ?» ይሉ ጀመር። የታቦቱ ንግሥ ደግሞ ቀርቧል፤ ከሞጣም ከሉማሜም ከደብረ ኤልያስም ሰው ይመጣል። ታቦቱ በሚነግሥበት ቀን በልመና ዱቄት መቀደስ ለደብሩ ውርደት ነው፤ ለገበዙ ከውርደትም በላይ ነው። አባቴ እህል መቅመስ ቀነሱ። እኔ ደግሞ የሠርጌ ቀን እየቀረበ፣ እማሆይ ዝም ባሉ ቁጥር ልቤ በተስፋና በፍርሃት መካከል ይዋልል ነበር። ያ ሁሉ በእኔ ምክንያት መሆኑን የጠረጠርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ለመጠየቅ ግን አልደፈርሁም።

በመጨረሻ የደብሩ አለቃ ራሳቸው አባቴንና ሽማግሌዎችን ይዘው ወደ ጎጆዋ መጡ። ጠዋት ነው፤ ከጎጆው ደጅ ካለችው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። እኔና እናቴ ከጎጆው ውስጥ ሆነን እንሰማለን።

«እማሆይ፣ ቂም ኃጢአት አይደለም?» አሉ አለቃው።

«ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ይተዉታ።»

«እንዲተወኝ ጸለይሁ፤ አልተወኝም። እንዲህ ሆኜ ብፈጭ እርስዎ የሚቀድሱበትን ማርከሴ አይደለም? ፍጪ ካሉኝ እፈጫለሁ። ዕዳው ግን በእርስዎ ነፍስ ይሁን።»

አለቃው ጢማቸውን ያዙ። ቀሳውስት ሁሉ ቢሰበሰቡ፣ በልብሽ ቂም እያለ መሥዋዕት አቅርቢ ብሎ የሚያዝዝ ከየት ይመጣል? «እንግዲያስ ልብዎ በምን ይመለሳል?» አሉ።

«ስመኝን ይተዋት። ትማር።»

እናቴ እጄን ጨበጠችው። ቀድመው የተናገሩት አባቴ ናቸው፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «እታለም! ልጄን መዳር ደግሞ ያንቺ ነገር ነው?»

«ያንተ ነው። እኔ አትዳራት አላልሁም። ልጂቱ ያንተ ናት፣ ልቤ ደግሞ የእኔ። እኔ እዚህ ልቀመጥ፤ ሌላ ፈጪ ፈልጉ።»

«ለምን በጊዜ አልነገርሽኝም ታዲያ? ጤፍ ከማስጫን፣ ጣራ ከማስከደን?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

እነሆ አባቴን ዕድሜ ልኬን የማከብርበት ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሽማግሌ በተቀመጠበት «እንዴታ፣ እሰማ ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አቀርቅረው «አልሰማም ነበር» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከእኅታቸው ጉልበት ላይ ወደቁ። «ይቅር በይኝ። ትማር።» ልብ ወለዱን የጻፈችው ልጅ ይህንን ቄስ ብታውቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲያጉረመርም ሰማሁት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ዜማ የለውም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያስደሰተኝ ድምፅ አላስታውስም። አባቴ በበቅሎ ግንደወይን ድረስ ሄደው ቃላቸውን ራሳቸው መለሱ፤ ስድቡንም ራሳቸው ተቀበሉ። ልጁ ሌላ ደኅና ሚስት አግብቶ ወልዶ ከብዷል። አንድ ጊዜ እዚሁ ሞጣ ተገናኝተን «አንቺ፣ በድንጋይ ወፍጮ አመለጥሽኝ» ብሎ አሣቀኝ።

ወደ ሞጣ የመጣሁት በጭነት መኪና ነው፤ ከጋቢናው ኋላ በጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ ብር። እናቴ አዲስ የቺት ቀሚስ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ አሰፍታልኛለች። የተከራየሁት ክፍል በዘሃራ እናት ግቢ ውስጥ ነበር፤ በወር አራት ብር፣ ውኃውን ጨምሮ። የዘሃራ እናት ከበቅሎ ማሰሪያው አጠገብ የጨውና የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ቀን አዲስ ድስት አምጥተው «ይቺ ያንቺ ናት፣ የእኛ ሥጋ አይነካትም፣ ለቄሱ ንገሪያቸው» አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰሙ አንድ እንስራ ማር ላኩላቸው። የእኛ ጾምና የእነሱ ጾም አንድ ላይ የገጠመ ዓመት ግቢው ውስጥ ቀን ቀን ጭስ አልወጣም፤ ዘሃራና እኔ ተርበን እየተሣሣቅን የሒሳብ ጥያቄ እንሠራ ነበር። ማታ ማታ ከጎረቤት ሻይ ቤት የሚመጣውን ዘፈን ግጥሙን ተካፍለን እንይዘዋለን፣ እሷ አንድ ስንኝ፣ እኔ አንድ ስንኝ። ዛሬ ያ ግቢ ፎቅ ሆኗል፤ ከሥሩ ባንክ አለ። ዘፈኖቹን ግን ሁለታችንም እስካሁን በግማሽ በግማሽ ነው የምናውቃቸው።

ከኩርፊያችን በኋላ ወደ ሱቋ የተመለስሁት ይህን ሁሉ ልነግራት ነው። ከብቸና እንደመጣሁ ታውቃለች፣ እንዴት እንደመጣሁ ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር። መነጽሯን አውልቃ ሰማችኝ። ደንበኛ መጥቶ ደብተር ቢጠይቅ «ቆይ» አለችው። ስጨርስ ያቺ የነጋዴ ዐይኗ አልለቀቀችኝም።

«ጥሩ። ግን አሁንም ጥያቄዬን አልመለስሽም። ሴትዮዋ እውነት ቂም ይዘው ነበር ወይስ አንቺን ለማስጣል ያመጡት ብልሃት ነው?»

ይህንን ጥያቄ እኔም ጠይቄው ነበር፤ መልሱንም ለማንም አልተናገርሁትም። ለዘሃራ ያኔ ነገርኋት፤ ለአንባቢም እነሆ። ማስተማር በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ እማሆይ ታመሙ። ወፍጮውን ከተዉት ቆይተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፀሐይ ይሙቁ ብዬ ደጅ አውጥቼ አስተኛኋቸውና ስለማስተምራቸው ልጆች አወራላቸው ጀመር። ሴት አስተማሪ አይተው የማያውቁት አክስቴ ጠመኔ የነካውን እጄን ይዘው እያገላበጡ ያዩታል። ያን ጊዜ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ እውነት ለእውነት፣ ያኔ ቂም ነበረብዎት? ወይስ እኔን ለማዳን ነው?»

«ብዋሽማ ኖሮ እፈጭ ነበር» አሉኝ።

መልሱ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀጠሉ። «እኔን ሲድሩኝ ነፍስ አላወቅሁም ነበር። አባቴም አልጠየቀኝ፣ እናቴም አልጠየቀችኝ። ከመነኮስሁ ወዲያ ረሳሁት ብዬ ስፈጭ ኖርሁ። ሕዝብ ቆረበበት። አንቺ መጥተሽ እግሬ ሥር ስታለቅሺ ነው ያ ሁሉ ቂም ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀኝ ያየሁት። ስንዴው በእጄ ላይ ቀረ፤ እንኳን መፍጨት፣ መልቀምም አቃተኝ።»

እሳቸው በዚያ በደከመ ዐይናቸው አዩኝና ፈገግ አሉ።

«አልፈጭም ያልሁት ላንቺ ብቻ መሰለሽ?»

አዎ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።